ትንሿ ሜርሜይድ ጃፓን ስትደርስ ለምን ትሞታለች?

ጥያቄ፦ «የ9 ዓመት ልጅ አለችኝ። ትንሿ ሜርሜይድን (ግማሽ ሴት፣ ግማሽ ዓሣ የሆነችውን የባሕር ልጅ) የምታውቃት በዲዝኒው ፊልም ነው። በቀደም አንድ የቆየ የጃፓን አኒሜ አገኘችና ያው ታሪክ ነው ብላ ቁጭ አለች። መጨረሻ ላይ ልጅቷ ሞተች፤ የኔዋም እያለቀሰች መጣችብኝ። ጃፓኖች የሰው ተረት ወስደው ለምን እንዲህ ያበላሹታል? እነ ሲንድሬላንስ እንዲሁ ነው የሚያደርጓቸው?»

ምላሽ፦

በመጀመሪያ ልጅዎን አይዞሽ ይበሉልኝ። ከዚያ ግን ጃፓኖቹን ከክሱ ነፃ ላውጣቸው። የተረቱን መጨረሻ የቀየረው ዲዝኒ እንጂ እነሱ አይደሉም።

ልጅዎ ያየችው ቶኤይ የሚባለው የጃፓን አኒሜሽን ድርጅት በ1975 የሠራውን ፊልም ይመስለኛል። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ልጅቷ ማሪና ከተባለችና ፍሪትዝ የሚባል ትንሽ ዶልፊን ከጎኗ ካለ እሱው ነው። አሁን ዋናውን ተረት እንየው። ዴንማርካዊው ሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን በ1837 ሲያሳትመው ልጅቷ የወደደችው ልዑል የሚያገባው ሌላ ሴት ነው። የልጅቷ እህቶች ፀጉራቸውን ለባሕሯ ጠንቋይ ሰጥተው ቢላዋ ያመጡላታል። ፀሐይ ሳትወጣ ልዑሉን ከወጋችው ትተርፋለች። እሷ ግን ተኝቶ ስታየው አንጀቷ አልችል ይላል። ቢላዋውን ወርውራ ራሷም ባሕር ትገባና አረፋ ትሆናለች። አንደርሰን እዚህ ላይ ትንሽ ማጽናኛ ጨምሯል፦ የአየር መንፈስ ትሆናለች፣ 300 ዓመት በጎ ሥራ ከሠራች የማትሞት ነፍስ ታገኛለች። ሠርግ ግን የለም። ሠርጉ የመጣው በ1989ኙ የዲዝኒ ፊልም ነው።

ስለዚህ ጥያቄውን ገልብጠን እንጠይቅ። ሆሊውድ ያልቻለውን ሐዘን ጃፓኖች እንዴት እንዳለ ዋጡት? ለዚህ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብን። ያለፈውን ባጭሩ ልናገረው ካሉኝ እንዲህ ነው የምለው፦ በመጀመሪያው ዘመን ጃፓኖች የፈረንጁን ተረት ልብስ ቀየሩ፣ አጥንቱን አልነኩም። ኋላ ላይ ነገሩ ተገለበጠ። ልብሱ የፈረንጅ እንደሆነ ቀረ፣ አጥንቱን ቀየሩት።

የመጀመሪያው እንግዳ የጥንቱ ግሪካዊ ተረተኛ ኤዞፕ ነው። በ1593 ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን በደቡብ ምዕራብ ጃፓን፣ አማኩሳ በሚባል ቦታ፣ የኤዞፕን ተረቶች በጃፓንኛ አሳተሙ። ፊደሉ የላቲን ነበር። ብዙም ሳይቆይ ክርስትና ታገደ፣ ካህናቱም ተባረሩ። ኤዞፕን ያባረረው ግን የለም። በጃፓን ፊደል እየተጻፈ፣ ኋላም በሥዕል እየታጀበ መታተሙን ቀጠለ። አንዲት ነገር ብቻ ልንገርዎት። በጋውን ስትዘፍን የከረመችውን ሲካዳ (ፌንጣ ቢሏትም ያስኬዳል) ያውቋታል። በብዙ የአውሮፓ መጻሕፍት ጉንዳኖቹ «እንግዲህ ጨፍሪ» ብለው በረሃብ ያባርሯታል። በአማኩሳው መጽሐፍ ካላገጡባት በኋላ ትንሽ ምግብ ሰጥተው ነው የሚሸኟት። ዛሬም ብዙ የጃፓን የልጆች መጻሕፍት ምግቡን ያካፍሏታል።

ትልቁ ጎርፍ የመጣው ከ1868ቱ የሜጂ ለውጥ በኋላ ነው። በኛ አገር ስለ ጃፓን ሥልጣኔ ሲወራ የሚነሳው ያ ዘመን ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ሄደው አይተው መጽሐፍ የጻፉላት ጃፓን የዚያ ለውጥ ውጤት ነበረች። ሕጉም፣ ባቡሩም፣ የጦር ሠራዊቱም ከአውሮፓ ሲቀዳ ተረቱም አብሮ ገባ። የወንድማማቾቹ የግሪም ተረቶች በመጽሐፍ መልክ መጀመሪያ የወጡት በ1887 ነው፤ ተርጓሚው ሱጋ ርዮሆ ይባላል። በዚያው ዓመት ሌላ ተርጓሚ «ተኩላውና ሰባቱ ግልገሎች»ን ወረቀቱ በሚገለጥና በሚንቀሳቀስ ሥዕል አድርጎ አወጣው። በ1889 ደግሞ የቋንቋ ምሁሩ ኡኤዳ ካዙቶሺ ያንኑ ተረት ሲያሳትም ሥዕሉ ላይ ፍየሎቹ ኪሞኖ ለብሰዋል። ጀርመን ጫካ ውስጥ የተወለደች እናት ፍየል ኪሞኖዋን አስተካክላ ገበያ ስትወጣ! ታሪኩን ግን ልብ ይበሉ። ተኩላው ያታልላል፣ ይውጣል፣ ሆዱ ይቀደዳል፣ ድንጋይ ይሞላል። አንድም ነገር አልጎደለም።

ሲንድሬላ ላይ ስንደርስ ነገሩ በጣም ያምራል። በ1900 ጹቦኡቺ ሾዮ የሚባለው ደራሲ (ሼክስፒርን ሙሉ በሙሉ ወደ ጃፓንኛ የመለሰው እሱ ነው) ለትምህርት ቤት የንባብ መጽሐፍ ሲንድሬላን ጻፋት። ስሟን ኦሺን አላት። በ1980ዎቹ ዓለምን ያስለቀሰችው የቴሌቪዥኗ ኦሺን ሌላ ናት፤ እንዳይምታታብዎት። የጹቦኡቺዋ ኦሺን የእንጀራ እናትና እህቶች አሏት። ልዑሉ ወጣት የጃፓን መስፍን ሆነ። የቤተ መንግሥቱ ዳንስ የአትክልት ቦታ ግብዣ ሆነ። ያኔ ወንድና ሴት ተቃቅፎ መደነስ ለብዙው ጃፓናዊ ነውር ነበርና ይኼ አያስገርምም። ዱባውን ሠረገላ የምታደርገዋ ጠንቋይ ደግሞ ጠፍታ ቤንተን የምትባለው የጃፓን የሀብትና የጥበብ አምላክ ተተካች።

የመስታወት ጫማውስ? ጫማው ማራገቢያ ሆነ። ኦሺን ስትሮጥ የምትጥለው ማራገቢያዋን ነው።

ብዙ ሰው ይኼን ሲሰማ ይስቃል። ማራገቢያ እንደ ጫማ በልክ አይሞከር፣ እንዴት ሆኖ ነው ባለቤቷ የምትታወቀው? እኔ ግን ጹቦኡቺ የሚያደርገውን ያውቅ ነበር ባይ ነኝ። ጃፓን ውስጥ ጫማ ደጅ የሚቀር ነገር ነው። ልዑል የሴት ጫማ ታቅፎ አገር ለአገር ሲዞር ቢታይ ፍቅር ሳይሆን ቀልድ ነው የሚመስለው። ማራገቢያ ግን ከሴት እጅ የማይለይ ዕቃ ነው። ግጥም ይጻፍበታል፣ ሥዕል ይሣልበታል። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ከዛሬ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ሙራሳኪ ሺኪቡ የተባለችው ሴት በጻፈችው «የገንጂ ታሪክ» ውስጥ ገንጂ ከአንዲት ማንነቷን ከማያውቃት ሴት ጋር በጨለማ ይገናኝና ማራገቢያ ተለዋውጠው ይለያያሉ። በኋላ ማን እንደሆነች የሚያፈላልገው በማራገቢያው ነው። ስለዚህ ጹቦኡቺ ለተማሪዎቹ የሰጣቸው ምልክት በሥነ ጽሑፋቸው ውስጥ ኖሮ የቆየ ነው።

ለምን ትምህርት ቤት ውስጥ? ምክንያቱ ከጀርመን የመጣ ነው። በዚያ ዘመን የኸርባርት ተከታዮች የሚባሉ የትምህርት ሊቃውንት የግሪምን ተረቶች ለአንደኛ ክፍል የግብረ ገብ ማስተማሪያ አድርገው ነበር። ኤሚል ሃውስክነኽት የሚባል ጀርመናዊ ከ1887 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ቶኪዮ ላይ ይኼን ሥርዓት አስተማረ። ተማሪዎቹም ተረቱን ይዘው ክፍል ገቡ። ከትምህርት ቤት ውጪ ደግሞ ኢዋያ ሳዛናሚ ነበር። ከ1899 እስከ 1908 የዓለም ተረቶችን በ100 ቅጽ አሳትሟል። በዚያ አላበቃም፤ አገሩን እየዞረ ለልጆች ጉባኤ በቃሉ ይተርክ ነበር።

ጃፓኖች ሲንድሬላን ቶሎ የለመዷት ግን አስተማሪ ስለነገራቸው ብቻ አይደለም። እቤታቸው ቀድማ ነበረች። የእንጀራ እናት ተረት የሌለው ሕዝብ መቼም አይገኝም። በ10ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተጻፈ «ኦቺኩቦ» የሚባል ታሪክ አላቸው። የመኳንንት ልጅ ናት። የእንጀራ እናቷ ወለሉ ዝቅ ያለ ክፍል ውስጥ አስገብታ ልብስ ስታሰፋት ትኖራለች፤ አንድ ባለማዕረግ ወጣት ሰርቆ ያወጣታል።

እኔ የምወደው ግን «ሃቺካዙኪ»ን ነው። እናቷ ልትሞት ስትል ልጅቷ ራስ ላይ ትልቅ ጎድጓዳ ዕቃ ትደፋባታለች። ዕቃው አልነሳ ይላል። የእንጀራ እናት ትመጣና «ይቺ ጉድ ከቤቴ ትውጣ» ታሰኛለች። ልጅቷ ወንዝ ውስጥ ገብታ ልትሞት ስትል ዕቃው አያሰምጣትም። መንገደኛው ሁሉ እየሸሻት፣ በመጨረሻ ከአንድ መኮንን ቤት ውኃ አሙቂ ሆና ትቀጠራለች። የቤቱ ትንሹ ልጅ ፊቷን እንኳ በቅጡ ሳያይ ይወዳታል። ቤተሰቡ እሷን ለማሳፈር የምራቶች ውድድር ያዘጋጃል። ሁለቱ ተያይዘው ሊጠፉ ሲነሱ ዕቃው ከራሷ ላይ ይወድቃል፤ ከውስጡ ወርቅ፣ ብርና የሐር ልብስ ይፈሳል። እዚህ ተረት ውስጥ ጠንቋይ የለችም፣ እኩለ ሌሊትም የለም። ሲያሳቅቃት የኖረው ዕቃ ራሱ የእናቷ ጥሎሽ ሆኖ ተገኘ። ልጅዎ ሲንድሬላን ከወደደች ይቺን ማታ ይንገሯት።

እዚህ ድረስ ልብሱ ነው። አሁን ወደ አጥንቱ፣ ማለትም ወደ ልጅዎ ዕንባ እንምጣ።

ጃፓኖች ሠርግ ላይ የማያልቁ ተረቶች ሞልተዋቸዋል። በጣም የታወቀው የሽመላዋ ነው። አንድ ድሃ ሰው የተጎዳች ሽመላ ያድናል። ከቀናት በኋላ አንዲት ቆንጆ ሴት ደጁን ታንኳኳለች፤ ሚስቱ ትሆናለች። ክፍል ዘግታ ጨርቅ ትሸምናለች፤ ጨርቁ በውድ ይሸጣል። «ስሸምን እንዳታየኝ» ብላዋለች። እሱ ግን አላስችለው ብሎ አጮልቆ ያያል። ውስጥ ያለችው ሽመላ ናት፤ ላባዋን ከገላዋ እየነቀለች ነው የምትሸምነው። ስላያት ትሄዳለች። በቃ፣ አለቀ። አይከተላትም፣ አይዋጋላትም፣ ሰባት ተራራ አልፎ አይመልሳትም።

ይኼን ከግሪም የእንቁራሪት ልዑል ጋር ያስተያዩት። የአውሮፓው እንቁራሪት ድሮም ሰው ነው፤ ተደግሞበት ነው እንጂ። ድግምቱ ሲፈታ ሰው ይሆናል፣ ይጋባሉ። የጃፓኗ ሽመላ ግን የምር ሽመላ ናት። የሚፈታ ድግምት የለባትም። ሰው መስላ የመጣችው በራሷ ፈቃድ ነው። ማንነቷ ሲታወቅ ወደ ወገኖቿ ትመለሳለች። ካዋይ ሃያኦ የሚባለው የሥነ ልቦና ሊቅ (ዙሪክ ሄዶ የስዊሱን የሥነ ልቦና ሊቅ የዩንግን ትምህርት የተማረ ሰው ነው) በ1982 ባወጣው መጽሐፍ ይኼን በሰፊው ተንትኖታል። የአውሮፓ ተረት ጀግናው አሸንፎ በማግባት ሲዘጋ፣ የጃፓኑ ብዙ ጊዜ አንዲት ሴት በሐዘን ስትሄድ ያበቃል ይላል። ሁሉንም የጃፓን ተረት በዚህ መስፈሪያ መስፈር አይቻልም፤ ሃቺካዙኪን አሁን አየናት፣ ድል ያለ ሠርግ ነው። ግን የምትሄደዋ ሴት እውነትም በየቦታው አለች።

እንግዲህ አንደርሰን ጃፓን ሲገባ ምን እንደሆነ አሁን ይታይዎታል። ከባሕር የመጣች፣ ሰው የመሰለች፣ ወድዳ ሳትወደድ የቀረች፣ ያለ በቀል የምትሰናበት። ለሎስ አንጀለስ ፕሮዲውሰር ይኼ መስተካከል ያለበት ችግር ነው። ለጃፓን አንባቢ ግን ይቺ ልጅ እንግዳ አይደለችም፤ የሽመላዋ እህት ናት። በ1921 ኦጋዋ ሚሜይ የሚባል ደራሲ የራሱን የሜርሜይድ ታሪክ ሲጽፍ ከአንደርሰን ይልቅ አመረረው። በሰሜን ባሕር የምትኖር እናት ሜርሜይድ «ሰዎች ደግ ናቸው ይባላል» ብላ ልጇን የሰው መንደር አጠገብ ትወልዳታለች። ጧፍ ሻጭ ሽማግሌና አሮጊት ያሳድጓታል። ልጅቷ ጧፉ ላይ ቀይ ሥዕል ትሥላለች፤ ጧፉን ይዞ ባሕር የወጣ አይሰምጥም ይባልና ገበያው ይደራል። ከዚያ አንድ አውሬ አሳይቶ የሚነግድ ሰው ብር ይዞ ይመጣል፤ አሳዳጊዎቿ በብሩ ታውረው ይሸጧታል። እሷም የመጨረሻዎቹን ጧፎች በጥድፊያ ደፍና ቀይ አድርጋቸው ትሄዳለች። በዚያ ሌሊት ማዕበል ይነሳል። መንደሩም በኋላ ይጠፋል። እዚህ ልዑል የለም፣ ፍቅርም የለም። የሰው ስግብግብነት ብቻ ነው ያለው። ይኼንን ልጅዎ ገና አትይ።

ከሚሜይ ወደ 90 ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በ2008፣ የአኒሜ ፊልም ሠሪው ሚያዛኪ ሃያኦ «ፖንዮ»ን ሠራ። መነሻው ያው የአንደርሰን ተረት ነው። ግን የሽመላዋን ሕግ የሚሽር አንድ ነገር አስገባ። መጨረሻ ላይ የፖንዮ እናት፣ የባሕሯ ታላቅ እመቤት፣ የ5 ዓመቱን ሶሱኬን ትጠይቀዋለች። ፖንዮ ዓሣ እንደነበረች ታውቃለህ? ዓሣም ብትሆን ትወዳታለህ? ልጁ ምንም ሳያመነታ ዓሣዋንም፣ ግማሽ ሰዋንም፣ ሰዋንም እወዳታለሁ ይላል። የድሮው ባል አጮልቆ አይቶ የከሰረውን ሚስት፣ ይኼ ልጅ በግልጽ አይቶና ተቀብሎ አስቀራት። ለእኔ ይኼ ፊልም ለአንደርሰንም ለሽመላዋም በአንድ ጊዜ የተሰጠ መልስ ነው። ዲዝኒም ሚያዛኪም ደስ ብሎ የሚያልቅ ፊልም ሠሩ። የዲዝኒው የሚያልቀው ጠንቋይዋ ተወግታ ስትሞት ነው። በሚያዛኪው የሚገደል የለም።

ስለ ተኩላው አንድ ነገር ጣል ላድርግ፤ የቀይ ኮፍያዋን ልጅ ስለሚነካ። በድሮዋ ጃፓን በግ አርቢ የለም ማለት ይቻላል። ተኩላ የሚበላው የገበሬውን ሰብል የሚያጠፉትን ከርከሮና አጋዘን ነበር። ስለዚህ በብዙ ቦታ እንደ ጠባቂ ይከበር ነበር። ሳይታማ ውስጥ ያለው የሚትሱሚኔ መቅደስ እስከ ዛሬ ደጁን የሚያስጠብቀው በተኩላ ሐውልት ነው። በሜጂ ዘመን በሰሜኗ ደሴት በሆካይዶ ላይ የአሜሪካ ዓይነት ከብት እርባታ ሲጀመር፣ ኤድዊን ደን የሚባል ከኦሃዮ የመጣ አማካሪ በተመረዘ ሥጋ ተኩላውን አስጨረሰው። ከተኩላ ጠሉ ተረት ጋር ተኩላ ጠሉ እርባታም በአንድ ዘመን ገባ ማለት ነው። በሌሎቹ ትልልቅ ደሴቶች ላይ የመጨረሻው የታወቀ ተኩላ ናራ ውስጥ የተገኘው በ1905 ነው። የዛሬ ጃፓናዊ ሕፃን ተኩላ ክፉ እንደሆነ የሚያውቀው ከግሪም ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያለው ፈጠን ብሎ ያልፋል። የዲዝኒ «ስኖው ኋይት» በ1950 ጃፓን ገባች፤ ሲንድሬላ ተከተለች። በ1983 የቶኪዮ ዲዝኒላንድ ሲከፈት መሐሉ ላይ የሲንድሬላ ቤተ መንግሥት ቆመ። ልብሱ ፈረንጅ ሆኖ የጸናው ያኔ ነው፤ ኪሞኖ ለባሿ ፍየል ተረሳች። እንዲያውም አንዳንዱ ከተማ ፈረንጅነቱን እንደ ጌጥ ያዘው። ፉናባሺ ከአንደርሰን የትውልድ ከተማ ከኦዴንሴ ጋር እህትማማች ሆና በስሙ ትልቅ መናፈሻ አላት። ሂሮሺማ ላይ ደግሞ ከአቶሚክ ቦምቡ በተረፈ የባንክ ሕንፃ ውስጥ አንደርሰን የሚባል ዳቦ ቤት በ1967 ተከፍቶ የዴንማርክ ኬክ ለጃፓን አስለመደ። ሆካይዶ፣ ኦቢሂሮ ላይም የግሪም ተረቶችን መሠረት ያደረገ የጀርመን መንደር በ1989 ተገንብቶ ነበር። ከሰረና ተዘጋ።

ከዚያ የአዋቂዎቹ ተራ መጣ። ኩራሃሺ ዩሚኮ የተባለች ደራሲ በ1984 ጨካኝ ተረቶች ለአዋቂዎች ብላ የታወቁትን ተረቶች እያጣመመች ጻፈች። በ1998 ደግሞ ኪርዩ ሚሳኦ በሚል የብዕር ስም ሁለት ሴቶች የግሪም ተረቶች የምር አስፈሪ እንደሆኑ የሚናገር መጽሐፍ አወጡና አገሩ ሁሉ አበደለት። መነሻው ውሸት አይደለም። በ1812ቱ የግሪም እትም ስኖው ኋይትን ልታስገድል የምትፈልገው የእንጀራ እናቷ ሳትሆን የገዛ እናቷ ናት። ወንድማማቾቹ ወደ እንጀራ እናት የቀየሯት በ1819 ነው። ግን መጽሐፉ ውስጥ ከግሪም ያልመጣ፣ የደራሲዎቹ የራሳቸው ምናብ የሆነ ብዙ ነገር አለ። እሱን ያነበበ ሰው «ዋናው ግሪም እንዲህ ነው» ሲልዎት ቶሎ አይመኑት።

እና ለልጅዎ ምን ያሳዩ? በቅድሚያ «ፖንዮ»ን። ከዚያ እሷ ራሷ ከጠየቀችዎት ያንን የ1975ቱን ፊልም አብረዋት ይዩት፤ ብቻዋን አይተዋት። ማልቀሷ አያስጨንቅዎት፤ ያለቀሰችው ታሪኩ ስለገባት ነው። ሽፋኑ ላይ ልዕልት ስላለች ብቻ የግሪም ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) አይግዙላት። ከ1998ቱ ወዲህ የወጡት ብዙዎቹ የአዋቂ ናቸው፣ ደምም ወሲብም አለባቸው። መጽሐፍ ቤት ውስጥ ከፈት አድርገው መሐሉን ሳያዩ ገንዘብዎን አያውጡ።